መሪጌታ ይትባረክ ኮምፒውተር ሲማሩ

ሰው ወደ አዲስ ነገር ባዶ እጁን አይሄድም። አሮጌ እጁን ይዞ ነው የሚሄደው። ቴሌቪዥን ገዝቶ ዳንቴል የሚያለብሰውን ቤተሰብ ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም እናንተው ናችሁ። በሞባይል ሲያወራ የሰውዬውን ርቀት በድምፁ የሚለካውንም ታውቁታላችሁ፤ ለቅርቧ ከተማ ለሐሙሲት በመጠኑ፣ ለአዲስ አበባ ጮክ ብሎ፣ ለዓረብ አገር ደግሞ ከወንበሩ ተነሥቶ። እንዲህ ያለውን ሰው አይቶ መሳቅ ቀላል ነው። እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ።

አሁን አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ቁርጥራጭ ነገር እጽፋለሁ። ሁለት መስመር ታክሲ ውስጥ፣ ሦስት መስመር ወረፋ ላይ። አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ጣቴ «ሴቭ» የምትለውን ምልክት ፍለጋ ይሄዳል። ምልክቷ የለችም። ስልኩ ራሱ ያስቀምጣል፤ ከጠየቃችሁት ከሦስት ዓመት በፊት የተውኩትንም ያወጣል። ጣቴ ግን አያምንም። ጣቴ የተማረው ደብረ ታቦር ነው፤ መብራት ሳይሰናበት የሚሄድበት አገር።

*

የኮሌጁን ስም ተዉት። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ግቢ ነበር፤ ያ ይበቃል። የኮርሱ ስም «መሠረታዊ ኮምፒውተር» ነው። ማብራት፣ ማጥፋት፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ ማስመር፣ ማተም። በቃ። ይህን የጨረሰ ሰው በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ሲያልፍ ይታወቅ ነበር።

ኮምፒውተሮቹ ልብስ ነበራቸው። ቀልድ አይደለም። ልብስ ሰፊ ተጠርቶ፣ በሜትር ለክቶ፣ ከመጋረጃ ትርፍ ጨርቅ አበባ አበባ ያለው ቀሚስ ሰፍቶላቸው ነበር። ጠዋት እናወልቃለን፤ ስንጨርስ እናለብሳለን። በር ላይ ጫማ ይወልቃል። አቧራ እንዳይገባ ነው ተባለ። ክረምት ገብቶ አገሩ ሁሉ ጭቃ ሲሆንም ምክንያቱ ሳይለወጥ ቀረ፤ አቧራ እንዳይገባ። በካልሲ እንገባለን። ጫማ አውልቀን የምንገባበት ሌላ ቤት አንድ ብቻ ስለምናውቅ ድምፃችን በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ልጅ መቃኑን ልትሳለም ጎንበስ ካለች በኋላ ነቃች። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ግንባሬ ሊሄድ ሲል ይዤው ነው።

ያ ክፍል ዛሬ ድረስ በአፍንጫዬ አለ። የሞቀ ፕላስቲክ፣ እርጥብ ካልሲ፣ ከጀርባችን የተቀመጠ ሰው በኪሱ የያዘው ጥብስ ድንች። ዘመናዊነት ለእኔ ሽታው እንዲህ ነው። ሌላ ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል።

*

አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ሰው ነበር። እኔ ከመሪጌታ ይትባረክ ጋር ደረሰኝ።

ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል። ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፤ ከዚያ በታች ከፋብሪካ እንደወጣ የሚታይ አዲስ ካልሲ። በልጅነታቸው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር ጽሕፈት የተማሩ ሰው ናቸው። በኋላ ወረዳው በእጅ ጽሕፈታቸው ምክንያት መዝገብ ቤት ቀጠራቸውና ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፉና ፋይል ሲያስሩ ኖሩ። መኖሪያቸው ጋፋት ነው። ጋፋት ማለት ንጉሡ ብረት አስቀልጠው መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው፤ አሁን ገብስ ይበቅልበታል። ከዚያ በእግራቸው መጥተው ከሁላችንም ቀድመው ይደርሳሉ።

እኔ በልቤ አዘንኩ። ለራሴ ነው ያዘንኩት። ከጎኔ አንድ መልከ መልካም ልጅ ይደርሰኛል ብዬ ነበር የመጣሁት።

አስተማሪያችን ቲቸር አማኑኤል የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ብርዱ አልስማማ ብሎት ሁለት ጃኬት ደርቦ የሚያስተምር፣ ከእኛ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ወጣት። ሲገባ መሪጌታ ተነሥተው ይቆማሉ። እኛ እንቀመጣለን፣ እሳቸው ይቆማሉ።

«የኔታ፣ እንዴት አደሩ?»

«ኧረ መሪጌታ፣ እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ። ቲቸር ይበሉኝ፣ ይበቃል።»

«ያስተማረ ሁሉ የኔታ ነው» አሉት። «እኔ ዕድሜዎን አልጠየቅሁም።»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አማኑኤል እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መዝጊያውን ከመክፈቱ በፊት የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሲዘጋ አይቼዋለሁ። አንቱ የተባለ ሰው እንዲሁ አይገባም።

*

መሪጌታ ማውዝ ላይ ደካማ ነበሩ። ጠረጴዛው ሲያልቅባቸው አንሥተው በአየር ላይ ይገፉታል። ፊደሉን ግን ከእኔ ቀድመው ያዙት። እንደምታውቁት በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም አንዱን ፊደል ለመጻፍ መጀመሪያ ተነባቢውን፣ ከዚያ አናባቢውን ትጫናላችሁ። እኔ ግራ ገባኝ። እሳቸው «ለ» በኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ ብቅ ስትል፣ ቀጥሎ አንዲት ቁልፍ ሲነኩ «ሊ» ስትሆን ተጠግተው አዩ።

«እግር አወጣች» አሉ። «ልጄ፣ አንች አየሻት? እግር አወጣች እኮ!»

ደብዳቤ የምንጽፍበት ዎርድ በዚያን ጊዜ አማርኛ አያውቅም ነበርና እያንዳንዱን ቃል በቀይ መስመር ያሰምርበታል። መሪጌታ ከልማድ ገጹን በጸሎት ነበር የጀመሩት። መስመሩን አይተው ፊታቸው በራ።

«ይህስ ያከብራል።»

«አይ መሪጌታ፣ ስሕተት ነው ማለቱ ነው።»

«ማን? ይህ? ጸሎቱን?»

«አዎ።»

ተጠግተው ማሽኑን አዩት። «አይፈረድበትም» አሉ በመጨረሻ፤ «ገና ልጅ ነው።»

በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፈን ድንች ስንበላ ነው ነገሩን የነገሩኝ። ወረዳው ኮምፒውተር ገብቶለታል። ከመዝገብ ቤት ሠራተኞች እስከ ሰኔ መጨረሻ የኮርሱን የምስክር ወረቀት ያላመጣ ወደ ጥበቃ ይዛወራል የሚል ደብዳቤ ወጥቷል። ደብዳቤውን በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ኃላፊው እየነገራቸው፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈት፣ የራሳቸውን ስም ጨምረው።

«ጥበቃ ምን አለበት?» አልኳቸው። ለማጽናናት ነው። ያኔ እንዲህ ነበር የማጽናናው።

«ምንም የለበትም። ካፖርት አለው፣ ዱላ አለው» አሉና የድንቹን ልጣጭ በጥንቃቄ ከጋቢያቸው አራገፉ። «ግን ይህ እጅ ምን ይሥራ? በር ላይ ቁጭ ብሎ እርስ በርሱ ይተያይ?»

ከዚያ በኋላ ማውዙን ለብቻዬ ይዤ መቅረት አላስቻለኝም፤ ለእሳቸው እተውላቸው ጀመር።

*

ቀዩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሌላ ሰው እንዳይናገረው።

አንድ ቀን አሰልችቶኝ የጻፉትን መርጬ የፊደሉን ቀለም ለወጥኩባቸው። ለጨዋታ ነው። መሪጌታ ደነገጡ።

«ቀይ አለው?»

«አለው። አረንጓዴም አለው፣ ሐምራዊም...»

«ሌላው ይቅር። ቀዩን አሳይኝ።»

የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጽሑፉ በጥቁር ይወርዳል፤ የፈጣሪ ስም፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳኑና የመላእክቱ ስም ሲደርስ ግን ጸሐፊው ብዕር ለውጦ በቀይ ይጽፋል። መሪጌታ ወረዳ ቤት ሲገቡ ይህን ልማድ ትተው ነበር፤ መዝገብ ቤት የሚያድለው ሰማያዊ እስክሪብቶ ነውና። አሁን ግን መንግሥት ራሱ ባመጣው ማሽን ውስጥ ቀይ ተገኘ። በአንዲት ቁልፍ። ሳይበጠበጥ፣ ሳይንጠባጠብ።

እስከዚያ ቀን ኮምፒውተሩ ለእሳቸው የመጣባቸው ነገር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣላቸው ሆነ። ሁሉ ነገር ተፋጠነ። ማውዙም እሺ አለ። ልምምዳችን የስም ዝርዝር መጻፍ ነበር፤ እኛ አገር ደግሞ ስም ከቅዱሳን የራቀ አይደለም። «ኃይለ ማርያም» ብለው ይጽፋሉ፤ ኃይለን በጥቁር ይተዉና ማርያምን በቀይ ያደርጋሉ። «ወልደ ገብርኤል፤» ወልደ ጥቁር፣ ገብርኤል ቀይ።

«ግማሹን ብቻ?» አልኳቸው።

«ግማሹ ኃጢአተኛ ነዋ» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰሌዳው አምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመናዊ ነገር አይቻለሁ። ዲዛይነር ከሚባሉ ሰዎች ጋርም ሠርቻለሁ። እንደዚያ የሠራተኛ ስም ዝርዝር ያማረ ገጽ አላየሁም።

*

ፈተናው ሰኔ ላይ ደረሰ። ለየብቻ ስለሆነ በሁለት ፈረቃ ተከፈልን፤ እኔ ጠዋት፣ መሪጌታ ከሰዓት። አንድ የዝውውር ደብዳቤ፣ ከሥሩ የሃያ ሠራተኞች ስም በሠንጠረዥ፣ ግርጌ ላይ የፈራሚው ስም። ፈራሚ አድርጎ ቲቸሩ የራሱን ስም አስገብቷል። ጽፎ፣ አሳምሮ፣ አትሞ ማስረከብ። ቀለም ውድ ነበርና እስከዚያ ቀን አንዳችንም አትመን አናውቅም።

ማተሚያው እያቃሰተ ወረቀቴን አወጣልኝ። ጥቁር ብቻ የሚያትም አሮጌ ማሽን መሆኑን በዚያን ጊዜ አየሁ። አየሁና ለምሳ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መሪጌታ ትዝ አላሉኝም። ወጣትነት ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ማሞካሸት ነው።

ውጤት ሲለጠፍ ማለፊያው ሃምሳ፣ መሪጌታ አርባ አራት።

የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ቁጥሩን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩ፤ ቀለሙ እንደደረቀ የሚያረጋግጡ ይመስል። «እንግዲህ ካፖርቱ ይሞቅ ይሆናል» አሉና ወደ ጋፋት መንገድ ጀመሩ።

እኔ ወደ ቲቸር አማኑኤል ሮጥኩ። ወረቀታቸውን አውጥቶ አሳየኝ። «ኃይለ» ይላል፤ ቀጥሎ ከወረቀቱ የማይለይ ግራጫ ጥላ። «ወልደ» ይላል፤ ጥላ። ቀለሙ ሊያልቅ የተቃረበ ማተሚያ ቀዩን ሁሉ ውጦታል። ያከበሯቸው ስሞች በሙሉ ጠፍተው ሌላው ሁሉ ደምቆ ቀርቷል። ቲቸር አማኑኤል በየመስመሩ በቀይ እስክሪብቶ «ስም ጎድሏል፣ ስም ጎድሏል» ብሎ ጽፎበታል።

«የእኔን ስም እንኳ አልጻፉትም» አለኝ። እውነት ከፍቶት ነበር። «የኔታ እያሉኝ!»

«ጽፈውታል። ፋይሉን ይክፈቱት» አልኩት። በልቤ አንተ፣ በአፌ አንቱ ነበር የምለው።

ከፈተው። ሰሌዳው ላይ ሃያው ሰው ሙሉ ስሙን ይዞ ተሰልፏል፤ ቅዱሳኑ በቀይ እንደ መቅረዝ። ከግርጌ «አማኑኤል» ከሁሉም ደምቆ ቀይ።

ወንበሩን ወደ ሰሌዳው ሳበ። እኔም ንግግር ጀመርኩ። ስለ ቅርስ ተናገርኩ፣ ስለ ብራና፣ ስለ ቀደመው ትውልድ፣ የማላውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ሲያበቃልኝ፣

«በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ። «እኔ በምን አውቃለሁ? ትእዛዙ ላይ ደግሞ ቀለሙ ጥቁር ይሁን ብያለሁ፤ ይኸው ተራ ቁጥር አራት።» ጃኬቱን እንደገና ዘጋና አሰበ። «ነገ ጠዋት ይምጡና ይድገሙት። በጥቁር ግን። ሁሉም በጥቁር። እኔም አለቃ አለብኝ።»

*

ጋፋት ድረስ በጭቃ ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ ያዘጋጀሁት መሪጌታ እምቢ ሲሉ የምለውን ነበር። ምክንያቱም እምቢ ይላሉ። ቅዱሳንን ጥቁር አላለብስም ይሉና ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስለሳቸው እተርካለሁ። እንዲያውም፣ ይቅር በሉኝና፣ እምቢ እንዲሉ ትንሽ ሳልፈልግ አልቀረሁም።

ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። ማተሚያው ቀይ እንደማያወጣ፣ ነገ መድገም እንደሚችሉ፣ ግን ሁሉም፣ ሁሉም በጥቁር እንዲሆን መታዘዙን።

«እና?» አሉኝ።

«እና... ስሞቹስ?»

«ማተሚያው ቀይ ከሌለው ከየት ያምጣ? ይህን ቀድሞ የነገረኝ የለም እንጂ!» መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «‹በጥቁር ይሁን› የሚለውንማ አንብቤዋለሁ። ለጸሐፊ በጥቁር ጻፍ ይሉታል፤ ስሞቹን በቀይ አድርግ ብሎ ማን ይነግረዋል? ሳይነግሩት ነው የሚያደርገው። የኔታም እንደዚያ ማለታቸው መስሎኝ ነበር።»

ንግግሬ በሙሉ ጭቃው ላይ ፈሰሰ።

«እኛም እኮ ተማሪ ሳለን ቀይ ቀለም ያልቅብን ነበር» አሉ፤ ጨዋታው ደስ ብሏቸው። «ያን ጊዜ የስሙን ቦታ ባዶ ትተን እናልፋለን። ቀለሙ ሲገኝ ተመልሰን እንሞላለን።»

«መሪጌታ! ነገ ባዶ እንዳይተዉ! በማርያም!»

«ሂጅ አንች፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ግቢ።»

እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ባዶ ይተዋሉ። ትተው ይወድቃሉ። የነገርኳቸውም እኔ፣ ቀዩንም ያሳየሁ እኔ።

*

በማግስቱ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ አየኋቸው። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ቀሚሳቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። መሪጌታ ቀስ ብለው ይጽፋሉ። አልቸኮሉም፣ አልዘገዩም። ሰሌዳው ከመስኮቱ አይታየኝም፤ ጣታቸው ብቻ። ጣት አይቶ ባዶ ይሁን ሙሉ ማን ያውቃል?

ማተሚያው አቃሰተ። ቲቸር አማኑኤል ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። መስኮቱን በግንባሬ ልሰብረው ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ... ሃያ። ከዚያ ግርጌ፣ የራሱ። ሙሉ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ሙሉ። ፈገግ አለና ውጤቱን ሊጽፍ ያችን ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ መዘዘ።

መሪጌታ ተነሡ።

«የኔታ፣ ያችን እስክሪብቶ አንድ ጊዜ ያውሱኝ።»

ቲቸር አማኑኤል እጃቸውን አየ፣ እስክሪብቶውን አየ። ሰጣቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ተቀብለው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ከክንዳቸው ሰበሰቡና ከመጀመሪያው ስም ጀመሩ። ማርያም። ገብርኤል። ሥላሴ። በታተመው ጥቁር ላይ በእጃቸው፣ መስመር ሳይስቱ፣ አንድ በአንድ። እኔ በሩን ከፍቼ በካልሲዬ ገባሁ፤ የተቆጣኝ የለም። አስተማሪው እንደ ተማሪ ቆሞ ይጠብቃል። ማውዝ ይዞ ጠረጴዛ ይጠበው የነበረው ያ እጅ አልነበረም።

ግርጌው ሲደርሱ ቀና ሳይሉ «አማኑኤል» የሚለውንም በቀይ አደረጉት። ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው። እፍ አሉበትና ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም በሁለት እጃቸው መለሱ።

ቲቸር አማኑኤል ወረቀቱን ብዙ አየው። ቀይ እስክሪብቶዋን ሊጽፍባት አነሣና ተወት አደረጋት። ኪሱን ዳበሰ፤ የአንደኛውን ጃኬት፣ ቀጥሎ የሁለተኛውን።

«ምን ጠፋዎት?» አልኩት።

«ሌላ እስክሪብቶ» አለኝ። «ቀዩ ተይዟል።»

ከውስጠኛው ኪስ ሰማያዊ አገኘና፣ ስሞቹን ላለመንካት ጥግ ላይ በትንሹ፣ ሰማንያ አንድ ብሎ ጻፈ።